በቆዩ የጭነት ተሽከርካሪዎች ላይ አልፎ አልፎ የሚታይ የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ መጉደል እና መነሻውን የመለያ መንገዶች

በአገራችን የጭነት ማመላለሻ መስመሮች ላይ ከተሠማሩት ተሽከርካሪዎች መካከል ረጅም ዓመታት ያገለገሉት ጥቂት አይደሉም። በእነዚህ ተሽከርካሪዎች ላይ ከሚያጋጥሙ ብልሽቶች ሁሉ አሽከርካሪውንም ሆነ የጥገና ባለሙያውን ከሚያደክሙት አንዱ፣ የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ አንድ ጊዜ የሚጎድልበት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ምንም ሳይጎድል የሚቆይበት ሁኔታ ነው። ተሽከርካሪው ጋራዥ በገባበት ቀን አንድም ጠብታ አይታይም፤ ጋራዡን ለቆ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ ግን ራዲያተሩ ሁለት ሊትር ጎድሎ ይገኛል።

ይህ ብልሽት በሁለት ተቃራኒ መንገዶች ለኪሳራ ይዳርጋል። በአንድ በኩል ችግሩ ችላ ተብሎ በየዕለቱ ውሃ እየተጨመረ ሲኬድ፣ አንድ ቀን ሞተሩ ከመጠን በላይ ይሞቅና ቴስታታው ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል፤ አለዚያም ፈሳሹ ከሞተር ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ኩሽኔታዎችን ይበላል። በሌላ በኩል ምርመራ ሳይደረግ በግምት ብቻ «የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው» ተብሎ ሞተሩ ይፈታል፤ ብዙ ገንዘብና የሥራ ቀናት ከባከኑ በኋላም ፈሳሹ እንደ ቀድሞው ሲጎድል ይገኛል። ኑሮው በአንድ ተሽከርካሪ ላይ ለተመሠረተ ባለንብረት ሁለቱም ከባድ ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ የቀረበው መረጃ ባለንብረቶች፣ አሽከርካሪዎችና ረዳቶች ሞተር ከመፈታቱ በፊት ራሳቸው ሊያደርጉት የሚችሉትን ክትትል፣ እንዲሁም ከጥገና ባለሙያ ሊጠይቁት የሚገባውን ምርመራ ይመለከታል። አልፎ አልፎ ብቻ የሚጎድል ፈሳሽ መነሻ የሚገኘው «ከየት ይፈስሳል?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «መቼ ይጎድላል?» የሚለው ሲመለስ ነው።

ፈሳሹ አንድ ጊዜ የሚፈስበትና ሌላ ጊዜ የሚቆምበት ምክንያት

የማቀዝቀዣው ሥርዓት ቀኑን ሙሉ በአንድ ሁኔታ አይቆይም። ጧት ሞተሩ ሳይነሳ ፈሳሹ ቀዝቃዛ፣ ግፊቱም ዜሮ ነው። ሞተሩ ሠርቶ ሲሞቅ የፈሳሹ ሙቀት በአብዛኛው ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ በውስጡም የራዲያተሩ ክዳን የሚፈቅደው ያህል ግፊት ይፈጠራል። ይህ ግፊት በቆዩ ተሽከርካሪዎች ላይ ብዙውን ጊዜ ከ0.5 እስከ 1 ባር ነው። የብረት፣ የአሉሚኒየምና የጎማ ክፍሎች ሲሞቁ የሚለጠጡበት፣ ሲቀዘቅዙም የሚሸበሸቡበት መጠን ስለሚለያይ፣ በሙቀት ጊዜ ገጥሞ የሚዘጋ ክፍተት በቅዝቃዜ ጊዜ ይከፈታል፤ ከዚህ በተቃራኒ ቀዝቅዞ ሳለ ጥብቅ የሆነ ስንጥቅ ግፊት ሲያገኝ ይላቀቃል።

ብዙም የማይስተዋል ሌላ ሰዓትም አለ፤ ይኸውም ሞተሩ እንደጠፋ ያሉት ከ10 እስከ 20 ደቂቃዎች ናቸው። ሞተሩ ሲጠፋ የውሃ ፓምፑም ማራገቢያውም ይቆማሉ፤ በቴስታታውና በሲሊንደሮቹ ዙሪያ የተከማቸው ሙቀት ግን ወደ ፈሳሹ መግባቱን ይቀጥላል። በዚህም ምክንያት ግፊቱ በጉዞ ላይ ከነበረው ሊበልጥ ይችላል። ደካማ የሆነ ስፌት ወይም ማኒኮቶ የሚያፈስሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ሰዓት ነው። አሽከርካሪውና ረዳቱ በዚያን ጊዜ ምሳ ላይ ስለሚሆኑ፣ ሲመለሱ የወረደው ፈሳሽ በሞቀው ሞተር ላይ ደርቆ ምልክቱ ጠፍቶ ይጠብቃቸዋል።

ምርመራ ከመጀመሩ በፊት

የሞቀ ሞተርን የራዲያተር ክዳን መክፈት ፊትን፣ እጅንና ደረትን በከባዱ ሊያቃጥል ይችላል። ግፊት ላይ ያለ ፈሳሽ 100 ዲግሪ ቢያልፍም ላይፈላ ይችላል፤ ክዳኑ ሲከፈትና ግፊቱ በድንገት ሲወርድ ግን በቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ይፈነዳል። ስለዚህ የላይኛው ማኒኮቶ በባዶ እጅ ተይዞ እስከማያቃጥልና ሲጨመቅ እስኪለሰልስ ድረስ መጠበቅ ግዴታ ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ክዳኑ በወፍራም ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ፊት ዘወር ተደርጎ፣ መጀመሪያ እስከ ግማሽ ብቻ ይላላና ትንፋሹ እስኪያልቅ ይቆያል። ከመጠን በላይ በሞቀና ፈሳሽ ባጣ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በአንዴ መጨመር ደግሞ ቴስታታውን ሊሰነጥቅ ስለሚችል ሞተሩ እስኪበርድ መጠበቅ ያስፈልጋል።

የክትትል መዝገብ

ለዚህ ዓይነቱ ብልሽት ከማናቸውም መሣሪያ የሚቀድመው አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ነው። የፈሳሹ መጠን በየቀኑ ጧት፣ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት፣ ተሽከርካሪው ደልዳላ ቦታ ላይ ቆሞ ይታያል። ማታ በሞቀ ሞተር ላይ የተወሰደ ልክ ከጧቱ ጋር ስለማይነጻጸር ዋጋ የለውም። በመዝገቡ ላይ ቀኑ፣ የኪሎ ሜትር ንባቡ፣ የተጨመረው ፈሳሽ በሊትር፣ የሞተር ዘይቱ ልክ፣ ተሽከርካሪው ያደረበት ቦታ፣ ጭነት መያዝ አለመያዙ እና የተወጣው ዳገት ይሰፍራል። የሚጨመረው ፈሳሽ «ትንሽ ጨመርኩ» ተብሎ በግምት ሳይሆን ልኩ በታወቀ ዕቃ መለካት አለበት፤ ግማሽ ሊትርና ሁለት ሊትር የተለያዩ ብልሽቶችን ያመለክታሉና።

ሁለት ወይም ሦስት ምልልስ ከተመዘገበ በኋላ ችግሩ ራሱን መግለጥ ይጀምራል። ጉድለቱ የሚታየው ተሽከርካሪው በደጋ ካደረ በኋላ ብቻ ከሆነ ጥርጣሬው በማኒኮቶ መጋጠሚያዎችና በሌሎች የጎማ ማሸጊያዎች ላይ ይሆናል። ጭኖ ዳገት በወጣ ቁጥር ከሆነ ክዳኑ፣ ራዲያተሩ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮኑ ይጠረጠራል። ጭነት ቢኖርም ባይኖርም፣ ቆላ ቢታደር ደጋ በየኪሎ ሜትሩ እኩል የሚጎድል ከሆነ ደግሞ ፈሳሹ ወደ ሞተሩ ውስጥ እየገባ የመሆኑ ዕድል ከፍ ይላል። የዘይቱ ልክ በመዝገቡ ውስጥ እንዲገባ የተደረገውም ለዚሁ ነው፤ ውሃ እየጎደለ ዘይት የሚጨምር ሞተር ቆሞ ሊመረመር ይገባዋል።

ጉድለት የሚመስል ግን ቀዳዳ የሌለው

ምርመራው ከመጥለቁ በፊት ሊጣሩ የሚገባቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ ሁለቱም በጋራዥ ውስጥ በቀላሉ የሚታለፉ ናቸው።

የመጀመሪያው ራዲያተርን በቀዝቃዛው አፉ ድረስ የመሙላት ልማድ ነው። ውሃ ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ሲሞቅ መጠኑ ከመቶ 3 እጅ በላይ ያድጋል። 40 ሊትር በሚይዝ ሞተር ላይ ይህ ከ1 ሊትር በላይ ማለት ነው። በቂ የመለጠጫ ቦታ የሌለው ፈሳሽ በትርፍ ማስወጫው ቱቦ በኩል መንገድ ላይ ይፈስሳል፤ በማግስቱ ጧት ጎድሎ ይታያል፤ ረዳቱም መልሶ አፉ ድረስ ይሞላዋል። በዚህ ሁኔታ ለወራት «የሚያፈስስ» ተብሎ የቆየ ሞተር አንዳችም ቀዳዳ ላይኖረው ይችላል። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ ፈሳሹ በአምራቹ የቀዝቃዛ ምልክት ላይ ተሞልቶ ለጥቂት ቀናት ሳይነካ ይተዋል። ወርዶ በአንድ ልክ ላይ ከቆመ ጉድለቱ ከሞተሩ ሳይሆን ከአሞላሉ ነበር።

ሁለተኛው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ አቧራ መከላከያ ብቻ አይደለም። በውስጡ ሁለት ቫልቮች አሉት፤ አንደኛው ግፊቱ ከተወሰነው ልክ ሲያልፍ ይከፈታል፣ ሁለተኛው ሞተሩ ሲበርድ ወደ መጠባበቂያ ጋኑ የወጣውን ፈሳሽ መልሶ ያስገባል። ስፕሪንጉ የደከመ ወይም ጎማው የደረቀ ክዳን ግፊት ስለማይዝ ፈሳሹ ሊፈላ ከሚገባው በታች በሆነ ሙቀት ፈልቶ ይወጣል።

ይህ ነገር በኢትዮጵያ የመልክዓ ምድር አቀማመጥ የተለየ ክብደት አለው። ክፍት በሆነ ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ በጅቡቲ ወደብ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር በሚደርስ ቦታ ደግሞ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። 0.5 ባር የሚይዝ ጤናማ ክዳን የመፍያውን ልክ በወደቡ ወደ 111፣ በአዲስ አበባ ወደ 106 ዲግሪ ያደርሰዋል፤ ለሞተሩም በቂ ህዳግ ይኖረዋል። ክዳኑ ከሞተ ግን ይኸው ተሽከርካሪ በአፋር ሜዳ ላይ ያለ ችግር ተጉዞ፣ ጭኖ የጣርማበርን ዳገት ሲወጣ በ90 ዲግሪ ይፈላል። አሽከርካሪው «ሙቀት ጌጁ ቀይ ሳይነካ ውሃ ተፋ» ሲል የሚናገረው እውነት ነው። ክዳን ከመላ ሞተሩ ዕቃዎች ርካሹ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ በመጨረሻ የሚታሰብ መሆኑ የሚያሳዝን ነው። ሲቀየርም በላዩ የተጻፈው የግፊት ቁጥር አምራቹ ካዘዘው ጋር አንድ መሆን አለበት፤ አንዳንዶቹ በባር ሌሎቹ በኪሎ ፓስካል የተጻፉ ሲሆን 100 ኪሎ ፓስካል 1 ባር ነው። ከፍ ያለ ቁጥር ያለው ክዳን መግጠም ያረጀ ራዲያተርን ያስቀድዳል።

ከውጭ የሚፈስሰውን መለየት

ሞተሩ በቅባትና በአቧራ ተሸፍኖ እያለ ጠብታ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። መጀመሪያ ሞተሩ በርዶ ሳለ ታጥቦ ይደርቃል። ከዚያም ተሽከርካሪው በሚያድርበት ቦታ ንጹሕ ካርቶን ከሞተሩ ሥር ይነጠፋል፤ ካርቶኑ ላይ የፊት እግሮቹ አቅጣጫ ምልክት ቢደረግ ጠብታው ከየትኛው ጎን እንደመጣ ለማወቅ ይረዳል። ይሁንና ጠብታ የሚያርፍበት ቦታ የሚነሳበት ቦታ አይደለም። ፈሳሽ በሻንሲው፣ በሞተር መቀመጫውና በገመዶች ላይ ተንሸራቶ ከመነሻው ርቆ ሊወርድ ይችላል፤ ሻንሲው ላይ ተንጠባጥቦ መሬት ሳይደርስ የሚደርቅበት ጊዜም ብዙ ነው።

ቀለም ያለው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ሲደርቅ አረንጓዴ፣ ቀይ ወይም ነጣ ያለ ዱቄት መሰል እድፍ ይተዋል። ተራ ውሃ ብቻ የሚጠቀም ተሽከርካሪ ግን ይህን ምልክት አይሰጥም፤ የሚገኘው የዝገት መስመር ወይም ነጭ የጨው ቅርፊት ነው። በአልትራ ቫዮሌት መብራት የሚያበራ ቀለም ባለበት ጋራዥ፣ ቀለሙን ከፈሳሹ ጋር ቀላቅሎ ጥቂት ቀናት ካሠሩ በኋላ በጨለማ መብራቱን አብርቶ መፈለግ አልፎ አልፎ ለሚፈስ ነገር እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ፍሰቱ የተከሰተው መንገድ ላይ ቢሆንም ቀለሙ ይቀራልና።

የማኒኮቶዎች ጫፍ በቅድሚያ ይታያል። ለዓመታት በሙቀት የቆየ ጎማ ይደርቃል፤ ሲሞቅ ይለሰልስና ይዘጋል፤ በብርድ ሌሊት ሲሸበሸብ ከፋሸታው ሥር ያንጠባጥባል። ፋሸታውን እስኪቆርጥ ማጥበቅ መፍትሔ አይሆንም። ማኒኮቶው ተነቅሎ የሚገጥምበት የብረት አፍ በዝገት የተበላ መሆን አለመሆኑ ይጣራል፤ የተበላ አፍ ላይ አዲስ ማኒኮቶ ቢገባም ያፈስሳል። የታችኛው ማኒኮቶ ከላይኛው ይልቅ የሚረሳ ስለሆነ በተለይ ሊታይ ይገባል።

የውሃ ፓምፕ በሆዱ በኩል ትንሽ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው የተሠራው የውስጥ ማሸጊያው ሲደክም ፈሳሹ ወደ ኩሽኔታው ሳይገባ ወደ ውጭ እንዲወጣ ነው። ደረቅ እድፍ ብቻ ማየት ፓምፑን ለመቀየር አያበቃም፤ የሚታይ ጠብታ ግን ፓምፑ ማለቁን ይናገራል። ማሸጊያው አንድ ቀን ይዞ ሌላ ቀን ስለሚለቅ፣ ይህም አልፎ አልፎ ከሚታዩት ጉድለቶች ዋነኛው ነው። ቀዳዳውን በሲሊኮን መድፈን ፈሳሹን ወደ ኩሽኔታው ይመልሰዋል፤ ኩሽኔታው ተሰብሮ ማራገቢያው ራዲያተሩን ከመታ የጥገናው ዋጋ ከፓምፕ ብዙ እጥፍ ይሆናል።

ራዲያተሩን በተመለከተ ደካማው ቦታ ቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ከላይኛውና ከታችኛው ጋን ጋር የሚገናኙበት ስፌት ነው። በተሰባበረ መንገድ ላይ ሻንሲው ሲጠማዘዝ ስፌቱ ይከፈትና አስፋልት ላይ ሲገባ መልሶ ይገጥማል። የራዲያተሩ መቀመጫ ጎማዎች ካለቁ አዲስ ራዲያተር እንኳ ብዙ አይቆይም። ከነዚህ ሌላ በሞተር ብሎኩ ጎን የሚገኙት ክብ መድፈኛዎች ከኋላቸው ዝገት ሲበላቸው ያንጠባጥባሉ። የጋቢና ማሞቂያ ባለው ተሽከርካሪ ላይ ደግሞ የመስታወት መደብዘዝ፣ የምንጣፍ መርጠብና ጣፋጭ ሽታ የማሞቂያው ራዲያተር መቀደዱን ይጠቁማሉ።

ለምሳሌ ያህል፣ አዲስ አበባ ጭኖ በደብረ ብርሃን፣ በኮምቦልቻና በሚሌ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚመላለስ አንድ የቆየ ተሽከርካሪ በየምልልሱ አንድ ሊትር ተኩል ይጎድልበታል እንበል። መሬት ላይ ጠብታ አይታይም፤ ነጭ ጭስም የለም። በልማድ ጥርጣሬው በቀጥታ ወደ ጓርኒሲዮን ይሄዳል። መዝገቡ ግን ጉድለቱ ሁልጊዜ ደብረ ብርሃን ከታደረ በኋላ ጧት ላይ እንደሚታይ፣ ሚሌ ከታደረ በኋላ ግን ፈጽሞ እንደማይታይ ያሳያል። የጓርኒሲዮን ብልሽት የማደሪያን አየር አይመርጥም። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የደብረ ብርሃን ብርድ ሌሊቱን የሚያፈስስ፣ በሚሌ ሙቀት የሚዘጋ ነገር ጎማ ነው። በዚህ ሁኔታ ምርመራው ጧት ከ12 ሰዓት በፊት፣ እዚያው ማደሪያው ላይ፣ በባትሪ መብራት መደረግ አለበት፤ ረፋድ ላይ ጋራዥ የደረሰ ተሽከርካሪ ምንም አያሳይም። የታችኛው ማኒኮቶ ጫፍ ሻንሲው ላይ ሲያንጠባጥብ ከተገኘ ጥገናው በአንድ ማኒኮቶና በሁለት ፋሸታ ያልቃል።

የግፊት ምርመራ

በእጅ የሚሠራ የግፊት መሞከሪያ ፓምፕ በክዳኑ ቦታ ተገጥሞ፣ በክዳኑ ላይ በተጻፈው ልክ ብቻ ግፊት ይሰጣል። ብዙ ጋራዦች ይህን ለሁለት ደቂቃ ሠርተው «ይዟል» ይላሉ። ለማያቋርጥ ፍሰት ይህ ሊበቃ ይችላል፤ አልፎ አልፎ ለሚታይ ግን አይበቃም። ምርመራው አንድ ጊዜ ሞተሩ ሌሊቱን በርዶ ካደረ በኋላ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በሞቀበት ሁኔታ መደረግ አለበት፤ የቀዝቃዛው ምርመራ ቢቻል ለሰዓታት ይቆያል። በሞቀ ሞተር ላይ መርፌው ቀስ ብሎ መውረዱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ፈሳሹ ሲበርድ ግፊቱ በራሱ ይወርዳልና። በቀዝቃዛው መርፌው ወርዶ በውጭ በኩል አንድም እርጥበት ካልተገኘ ግን ፈሳሹ ወደ ውስጥ እየገባ ነው።

ወደ ሞተሩ ውስጥ የሚገባ ፈሳሽ

ፈሳሽ ወደ ዘይት መግባቱን ለማወቅ ከሁሉ የሚቀልለው መንገድ ይህ ነው፦ ተሽከርካሪው ሌሊቱን ሙሉ ከቆመ በኋላ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የኮፓው ማፍሰሻ ቡሎን ሳይወጣ በጥንቃቄ ይላላል። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ታች ይተኛል፤ ካለ ከዘይቱ ቀድሞ ይወጣል። ጥቂት ጠብታ በንጹሕ ዕቃ መቀበል ይበቃል። በዘይት መሙያ ክዳኑ ሥር የሚታይ ቡናማ አረፋ ግን ብቻውን አያስደነግጥም፤ አጫጭር ጉዞ የሚያደርግና በብርድ አካባቢ የሚያድር ሞተር ከአየር እርጥበት ብቻ እንዲህ ያለ አረፋ ይፈጥራል።

ውሃ በዘይት ውስጥ መገኘቱ ገና ቴስታታው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። የዘይት ማቀዝቀዣው በመጀመሪያ ይመረመራል። ሞተሩ በሥራ ላይ እያለ የዘይቱ ግፊት ከውሃው ግፊት ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ በተበሳ ማቀዝቀዣ በኩል ዘይት ወደ ውሃው ይገባና በራዲያተሩ አፍ ላይ ቅባት ይታያል። ሞተሩ ሲጠፋ የዘይቱ ግፊት ወዲያው ይጠፋል፤ የውሃው ግን ሞተሩ እስኪበርድ ይቆያል፤ በዚያን ጊዜ ውሃ ወደ ዘይት ይሄዳል። ራዲያተሩ ውስጥ ዘይት፣ ኮፓው ውስጥ ውሃ በአንድነት ከተገኘ ይህ ክፍል ቀዳሚው ተጠርጣሪ ነው።

በብዙ ከባድ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ፒስተኑ የሚመላለስበት ካሚቻ ውጫዊ ገጹ በቀጥታ ውሃ ይነካዋል። ታችኛው ጫፉ በጎማ ኦሪንጎች የታሸገ ሲሆን፣ ኦሪንጎቹ ሲደርቁ ሞተሩ በበረደ ጊዜ ፈሳሽ ወደ ኮፓው ያሳልፋሉ፤ ሲሞቅ ይዘጋሉ። በተጨማሪም ካሚቻው በቃጠሎው ምት ሲርገበገብ በውጫዊ ገጹ ላይ ጥቃቅን የእንፋሎት አረፋዎች እየተፈጠሩ ይፈነዳሉ፤ ይህም ብረቱን ነጥብ ነጥብ አድርጎ እየቆፈረ በመጨረሻ ይበሳዋል። ተገቢው የዝገት መከላከያ የሌለው ተራ ውሃ መጠቀም ይህን ያፋጥነዋል። የተፈጠረው ቀዳዳ ከመርፌ ጫፍ ያነሰ ሊሆን ስለሚችል፣ ዝገት አንድ ጊዜ ይደፍነዋል ሌላ ጊዜ ይለቅቀዋል። የሞተሩ ካሚቻ ውሃ የሚነካው ዓይነት መሆን አለመሆኑ ከአምራቹ መመሪያ ይረጋገጣል።

ይህን ለመመርመር ቴስታታ ማውረድ አያስፈልግም። ኮፓው ብቻ ወርዶ፣ የማቀዝቀዣው ሥርዓት ግፊት ተሰጥቶት፣ ከሥር ንጹሕ ካርቶን ተነጥፎ ለሰዓታት ይቆያል፤ ሞተሩም በእጅ በየጊዜው ይዞራል። ጠብታው የወረደበት ሲሊንደር በመብራት በግልጽ ይታያል። ባለንብረቱ ሞተር እንዲፈታ ከመስማማቱ በፊት ይህ ምርመራ መደረጉን የመጠየቅ መብት አለው።

የቴስታታ ጓርኒሲዮን ብልሽት የራሱ መለያ አለው። የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውሃው ስለሚገባ፣ በጧት ቀዝቃዛ ሞተር በተነሳ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ፣ ፈሳሹ ገና ሳይሞቅ የላይኛው ማኒኮቶ ይጠነክራል። የቃጠሎ ጋዝ ሲነካው ቀለሙን የሚቀይር የመመርመሪያ ፈሳሽም አለ፤ የናፍጣ ሞተር ያለ ጭነት ሲሠራ ብዙ አየር ስለሚስብ ግን ምርመራው ሞተሩ ጭነት ላይ ከዋለ በኋላ ቢደረግ ይሻላል። ጧት ሲነሳ ለጥቂት ጊዜ ነጭና የማይበተን ጭስ ማውጣት፣ አንድ ሲሊንደርም ዘግይቶ መሥራት ሌሊት ፈሳሽ ወደ ቃጠሎ ክፍሉ መግባቱን ይጠቁማል። እንዲህ ያለ ሞተር አንድ ጧት «ጭጭ» ብሎ አልዞር ካለ ደጋግሞ ማስነሳትም ሆነ ገፍቶ ማስነሳት ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ውሃ ስለማይታመቅ የፒስተኑ ዘንግ ይታጠፋል። ኢንጀክተሮቹ ወጥተው ሞተሩ በእጅ እንዲዞር መደረግ አለበት።

የአየር ኮምፕሬሰሩን አለመርሳት

በአየር ፍሬን በሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ላይ ብዙዎቹ ኮምፕሬሰሮች የሚቀዘቅዙት በሞተሩ ውሃ ነው። የኮምፕሬሰሩ የራሱ ትንሽ ቴስታታ ጓርኒሲዮን ሲበላሽ የታመቀ አየር ወደ ራዲያተሩ ይገባል፤ ራዲያተሩ ይንተከተካል፣ ፈሳሹም በትርፍ ማስወጫው ይወጣል። ይህ ሁሉ ከሞተሩ ጓርኒሲዮን ብልሽት ጋር አንድ ዓይነት ስለሚመስል ጤነኛ ሞተር ያለ ጥፋቱ ይፈታል።

ልዩነቱን ለማወቅ የሚያስፈልገው የአየር ግፊት ጌጁን መመልከት ነው። ሞተሩ በርዶ ሳለ የአየር ጋኖቹ ባዶ ይደረጋሉ፤ የራዲያተሩ ክዳን ተከፍቶ ሞተሩ ይነሳና አረፋው ይታያል። ጋኖቹ ሞልተው ኮምፕሬሰሩ ማመቅ ሲያቆም፣ ይህም በብዙ ተሽከርካሪዎች በ8 ባር ገደማ ነው፣ አረፋው ከቆመ ወይም በግልጽ ከቀነሰ ጥፋቱ የኮምፕሬሰሩ ነው። ፍሬን ደጋግሞ በመርገጥ ግፊቱ ሲወርድና ኮምፕሬሰሩ እንደገና ሲጀምር አረፋውም ይመለሳል። አረፋው ከጌጁ ጋር ምንም ሳይዛመድ የሚቀጥል ከሆነ ብቻ ጥርጣሬው ወደ ሞተሩ ይመለሳል።

ፈሳሹ በተቃራኒው ወደ አየር መስመሩ የሚገባበትም ጊዜ አለ። ጋኖቹ በየዕለቱ ሲተነፍሱ የሚወጣው ተራ የአየር ጤዛ ሳይሆን ቀለም ያለው ወይም የሚጣብቅ ፈሳሽ ከሆነ፣ የፍሬን ቫልቮች ስለሚጎዱ ተሽከርካሪው እስኪጠገን ድረስ ቁልቁለት ባለበት መስመር መሠማራት የለበትም።

ከጥገና በኋላ

ቀዳዳ ይደፍናሉ ተብለው ወደ ራዲያተር የሚጨመሩ ዱቄቶችና ፈሳሾች ከመንገድ ዳር እስከ ቅርብ ከተማ ለመድረስ ካልሆነ አይመከሩም። ቀዳዳውን እንደሚደፍኑ ሁሉ የራዲያተሩንና የዘይት ማቀዝቀዣውን ቀጫጭን መተላለፊያዎችም ይደፍናሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚደረግን ምርመራም ያሳስታሉ።

ጥገናው እንዳለቀ ሥርዓቱ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ በአምራቹ በታዘዘው የማቀዝቀዣ ፈሳሽና ውሃ ድብልቅ ይሞላል፤ አየር በውስጡ እንዳይቀር የአየር ማስወጫ ቡሎኖቹ ይከፈታሉ። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሞቆ ሁለት ጊዜ ከበረደ በኋላ ፋሸታዎቹ እንደገና ይታያሉ። በመጀመሪያዎቹ ጧቶች ትንሽ መውረድ ከቀረ አየር የሚመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ መዝገቡ ብልሽቱ ይታይበት የነበረው ጉዞ ቢያንስ ሁለት ጊዜ እስኪደገም ድረስ ሳይዘጋ ይቀጥላል።

ከሞተር የወጣ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ መንገድ ዳር ወይም ቦይ ውስጥ መደፋት የለበትም። በውስጡ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል ለሰውም ለእንስሳትም መርዝ ሲሆን፣ ጣፋጭ ጣዕም ስላለው ውሻም ሆነ ውሃ የጠማው ከብት ይጠጣዋል። ልጆች መጠጥ መስሏቸው እንዳይጠጡት በመጠጥ ውሃ ጠርሙስ ማስቀመጥም አይገባም። ምልክት በተደረገበት ክዳን ያለው ጄሪካን ተቀብሎ፣ ከተቃጠለ ዘይት ጋር ሳይደባለቅ ለብቻው ማቆየትና ለሚያስወግደው ጋራዥ ማስረከብ ያስፈልጋል።